ጦሳ ላይ መትከል ወይስ ቦርከናን ማጽዳት?

የሰፈራችን ልጆች "ለአየር ንብረት አንድ ነገር እናድርግ" ባሉ ቁጥር ሁለት ሐሳብ ይነሳል። ከደሴ በላይ ያለው ጦሳ ተራራ ላይ ችግኝ መትከል፣ ወይም ቦርከና ወንዝን ማጽዳት።

ለመትከል ሰው መጥራት ቀላል ነው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ ሐምሌ ሲመጣ አካፋ የማይዝ የለም። ዛፍ ካርቦን ይስባል፣ የዳገቱን አፈር በሥሩ ይይዛል። ጣጣው ከፎቶው በኋላ ነው። አምና የተከልኳትን ወይራ ጥር ላይ ሄጄ ሳያት ደርቃ ቆማለች። ነቀል ሳደርጋት ሥሯ ገና በችግኙ ፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው። የተከልኩት እኔው፤ ማንን ልውቀስ?

ጽዳት ግን ማንንም አይስብም። ይሸታል። ከድልድዩ ሥር ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ ነጠላ ጫማ እየለቀሙ ኬሻ መሙላት ነው። ቦርከና ከደሴ በኩል ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ እዚህ የጣልነው ታች ያሉት ደጅ ይደርሳል። ካርቦን የሚቀንሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቦዩ ሲደፈን ግን ክረምት ላይ ጎርፉ ቤት ይገባል።

እኔ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ጽዳቱን እመርጣለሁ። ለጦሳም አልሰስትም፤ በጋ ውሃ የሚያጠጣ ተረኛ አስቀድሞ ከተመዘገበ።