የአየር ፍልሚያ ልምምድ፦ በሲሙሌተር ወይስ በእውነተኛ አውሮፕላን?

ደሴ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ የጦሳን ተራራ በመስኮት እያየሁ፣ በኮምፒውተር ሲሙሌተር (በረራን በሚያስመስል ፕሮግራም) ብዙ ሌሊት ተፋልሜያለሁ። ጠላት ከኋላዬ ሲገባ እጄ ላብ በላብ ይሆናል። ብትመታም እንደገና ትጀምራለህ። ወጪውም ትንሽ ነው።

እውነተኛውን የሞከርኩት ውጭ አገር ነው። ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን፣ አጠገቤ የቀድሞ ተዋጊ አብራሪ። ጥይት የለም፤ ሌላውን አውሮፕላን ማነጣጠሪያው ውስጥ ማስገባት ነው። መሪውን ስቤ ስታጠፍ 4 ጂ ደረስን፤ የመሬት ስበት አራት እጥፍ። 70 ኪሎ ሰው 280 ኪሎ ይከብዳል ማለት ነው። ጉንጬ ወደ ታች ተጎተተ። እጄን ከጭኔ ማንሳት አቃተኝ። በዚያ ክብደት አንገትን አዙሮ ተጋጣሚን መፈለግ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው፤ ከዓይንህ ከጠፋ አለቀልህ። ይህን ክብደት የቤት ሲሙሌተር በጭራሽ አያሳይህም።

ሕጉ ጥብቅ ነው። ከ150 ሜትር በታች መቀራረብ ክልክል ነው። አንዱ በሬዲዮ «አቁም» ካለ ፍልሚያው ወዲያው ይቆማል።

እኔ እውነተኛውን እመርጣለሁ። ግን መጀመሪያ ሲሙሌተሩን ጠግበህ ሂድ፤ ዓይንህ ተጋጣሚን መከተል ይለምዳል። በሲሙሌተሩ ላይ የኮምቦልቻን አውሮፕላን ማረፊያ መነሻህ አድርገህ ተለማመድ። እዚያ ተራራው ቅርብ ነው፤ ከፍታው ላይ አየሩ ስለሚሳሳም የትንሽ አውሮፕላን ሞተር ጉልበት ይቀንሳል።