ጉጣም ወይራ ወይስ ቀጥ ያለ ባህር ዛፍ? ለደጋን የሚሆን እንጨት ባሕር ዳር ላይ ሲገዛ

በእጁ ደጋን ለመሥራት ያሰበ ሰው እንጨት ተራ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀጥ ባለው ላይ ነው። ጉጥ የበዛበትን ገፋ አድርጎ ያልፋል። ሻጩም ቢሆን ጉጣሙን ለማገዶ ብሎ ከዳር ነው የሚጥለው። እኔ ግን ምረጥ ብባል እጄ የሚሄደው ወደ ጉጣሙ ወይራ ነው። (የማወራው ዒላማ ስለሚመታበት ደጋን ነው፤ የጥጥ መንደፊያው ሌላ ጉዳይ ነው።)

ደጋን ሲሳብ ወደ ዒላማው የዞረው ጀርባው ይወጠራል፣ ወደ ተኳሹ የዞረው ሆዱ ይጨመቃል። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከጀርባው ነው፤ ያውም ቃጫው በመሣሪያ የተቆረጠበት ቦታ ላይ። ስለዚህ ስትገዙ ቃጫው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ መሄዱን እዩ። እንጨቱ ትንሽ ቢወለጋገድ ግድ የለም።

ባህር ዛፍ የትም አለ። አንድ አጣና ገዝቶ መሞከር ኪስ አይጎዳም፣ ቢሰበርም አያንገበግብም። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጣጣው የሚመጣው ሲደርቅ ነው፦ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ከላይ ሲያዩት ቀጥ ብሎ ቃጫው ግንዱን እየዞረ የሚወጣም ሞልቷል። ይህን ለማወቅ ቅርፊቱ የተላጠና ደረቅ ያለ አጣና አንሱና ስንጥቁን በጣታችሁ ተከተሉት። ከታች እስከ ላይ ቀጥ ብሎ ከሄደ ውሰዱት። እየዞረ ከሄደ ለአጥር ይሁን።

ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ለዱላ የሚመረጠውም በከንቱ አይደለም። ገበያ ላይ የሚቀርበው ግን አብዛኛው ለጋንና ለወተት ዕቃ ማጠኛ በአጭሩ የተፈለጠ ስለሆነ፣ 180 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ከፈለጋችሁ ለሻጩ ቀደም ብሎ መንገር ያስፈልጋል። ከየት እንደመጣም ጠይቁ። ከዘጌም ሆነ ከሐይቁ ደሴቶች ገዳማት ደን የተቆረጠ ከሆነ ይቅርባችሁ። ከገበሬ ማሳ ዳር የተገኘ ይበቃል።

አሁን ወደ ጉጡ። ሁሉም ጉጥ አንድ አይደለም። በደጋኑ ወርድ መሃል የሚውል ጉጥ አያስፈራም፤ ግራና ቀኙ ቃጫ አለው። ጠርዝ ላይ የሚወድቅ ግን ግማሹ ይቆረጣል፣ መሰበሪያውም እሱ ይሆናል። ምስማር ይዛችሁ ሂዱና የጉጡን እምብርት ወጋ አድርጉት። ምስማሩ ዘው ካለ በስብሷል። ሁለት ጉጦች በአንድ ቦታ ግራና ቀኝ ከተፋጠጡ ደግሞ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትግዙ።

ቅርፊቱ ሲላጥ ቃጫው ጉጡ ጋ ሲደርስ፣ የዓባይ ውሃ ድንጋይ ሲያገኝ እንደሚያደርገው፣ ለሁለት ተከፍሎ ዞሮ ይገናኛል። በእርሳስ ያንን መስመር ተከትላችሁ የደጋኑን ጠርዝ አስምሩ። ጠርዙ ጎበጥ ይበል፣ ጉጡ ያለበትም ወርዱ ትንሽ ይስፋ። ጀርባው ላይ እብጠቱን መላጊያ አታስነኩት፤ ጉብ እንዳለ ይቅር። በሆዱ በኩል ጉጡ አካባቢ ትንሽ ወፈር አድርጋችሁ ተዉት። መላጊያ ጉጥ ላይ ይዘላል፣ አንዳንዴም ፈንቅሎ ያነሳል። እዚያ ላይ ሞረድ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የብርጭቆ ስባሪ ይሻላል። ስባሪው ስስ ፍቅፋቂ እያነሳ ይሄዳል፤ ፍቅፋቂው ዱቄት መሆን ከጀመረ ጠርዙ ደንዝዟልና ቀይሩት። ይህ ሁሉ ጊዜ ይበላል። ትዕግሥት ከሌላችሁ በአጣናችሁ ተጽናኑ።

በልክ በኩል ሁለቱ ይለያያሉ። ወይራው መሃሉ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ወርድ ይበቃዋል። ባህር ዛፉን ወደ 5 ባደርሰው እመርጣለሁ። የወይራው ጫፎች ግን በደንብ ይቅጠኑ፤ ጫፉ የከበደ ደጋን ፍላጻውን ያዘገያል።

ዋንዛንስ? ለጠረጴዛ ጌጥ ነው፤ ለደጋን ለስላሳ ነው። ከእንጅባራ በኩል የሚመጣው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ብቻውን አያዋጣም። ሰንጥቆ የላይኛውን ገጽ በጥሩ ኮላ በባህር ዛፉ ጀርባ ላይ መለጠፍ ግን ያዋጣል፤ የቀርከሃ ቆዳ ውጥረት ይችላል።

የቱንም ብትገዙ እርጥብ ከሆነ ዕለቱን ሁለቱን ጫፎች ኮላ ወይም ቀለም ቀቡ። ውሃው በጫፍ በኩል ቶሎ ሲወጣ ነው መሰንጠቅ የሚጀምረው። ባሕር ዳር ፀሐይ ላይ አስጥቶ ቶሎ ማድረቅ ያምራል፤ አታድርጉት። ከመሬት ከፍ አድርጎ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ክረምት ላይ የገዛ ሰው እስከ በጋ ይታገስ። መድረቁን ለማወቅ በየሳምንቱ ሰፈር ባለ ሱቅ ሚዛን ላይ አስመዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል።

ለገመዱ ናይለን ርካሽ ነው፣ ግን ይለጠጣል። የማይለጠጥ ጠንካራ ክር አጥፋችሁ ግመዱ። ገመዱ ከገባ በኋላም ደጋኑን ያለ ፍላጻ ስባችሁ አትልቀቁ፤ ወይራም ቢሆን ይሰበራል።