ጅማ ላይ «ኦሪጅናል ጃዝ ቤዝ አለኝ» ከተባላችሁ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ

ሰላም ናችሁ የቤዝ ጊታር ወዳጆች። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ የንዴቱ ግማሽ ግን በራሴ ላይ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ እዚሁ ጅማ ውስጥ «ከአሜሪካ የመጣ ኦሪጅናል ፌንደር ጃዝ ቤዝ» (ፌንደር የአሜሪካ ጊታር አምራች ነው፣ ጃዝ ቤዝ ደግሞ አንዱ የቤዝ ጊታሩ ሞዴል) ተብሎ 62 ሺህ ብር የከፈልኩበት ዕቃ አሁን ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየኛል። ሻጩ ቁጥሬን ዘግቶታል። ሰሞኑን ደግሞ ያገለገለ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥበት ግሩፕ ላይ ሌላ ቤዝ ተለጥፎ አየሁ፤ ከኋላው ያው አረንጓዴ መጋረጃ፣ ያው የተቀደደ ሶፋ። ሌላ ሰው ሳይበላ ቶሎ ልጻፍ አልኩ።

«ጀማሪ ስለሆነ ነው የተሸወደው» እንዳትሉኝ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። እዚሁ ጅማ መርካቶ ስልክ እጠግናለሁ። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ሲገኝ ቤዝ እጫወታለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የኛን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ባለሰርጉ ወጪ ልቀንስ ሲል መጀመሪያ የሚቀነሰው ቤዚስቱ ነው፣ ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ይሸፍነዋላ! እናም ስንጠራ ጥሩ ዕቃ ይዞ መገኘት ያምረናል። እኔ የነበረኝ ስም የለሽ የቻይና ቤዝ ነው። ማታ ማታ ስለ ቶን፣ ማለትም ስለ ድምፁ ቀለም የሚከራከሩ ሰዎችን ሳነብ አመሻለሁ፤ አንዱ እንጨቱ ነው ይላል፣ አንዱ የክሩን ንዝረት የሚይዘው ፒክአፑ፣ አንዱ ክሩ፣ አንዱ ጣት ነው ይላል። ባለቤቴ አንድ ቀን «ይሄ ቶን የምትሉት ሰውዬ የቤት ኪራይ ያግዛል?» ብላ ጠይቃኛለች።

ሻጩም የያዘኝ በዚሁ በቶን ነው። መጀመሪያ አጭር ቪዲዮ ላከልኝ። ሰማሁት፣ ደጋግሜ ሰማሁት፣ ልቤ ቀለጠ። እዚህ ላይ ሳቁብኝ፣ ስልክ ጠጋኝ ነኝ እኮ! የስልክ ስፒከር በቀን ስንቴ እፈታለሁ፤ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው። የቤዝ ወፍራሙ ኢ ክር ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ያቺ ስፒከር 41 ሄርዝ ልታሰማ ይቅርና እጥፉን፣ 82ን እንኳ በወጉ አታወጣም። ከስልክ የምንሰማው ከላይ የሚደረቡትን ድምፆች ነው፣ የጎደለውን ታችኛውን ጆሯችን ራሱ ይሞላዋል። በስልክ ቪዲዮ የሰማሁት ቶን እንግዲህ ግማሹ የራሴ ምኞት ነበር።

ቤቱ ስደርስ መሽቷል፣ መብራትም የለም። «አሁን ገና ነው የጠፋው» አለኝ። በስልክ ባትሪ ብርሃን ቤዙን ከቦርሳው አወጣው፤ ቡናማና ጥቁር፣ ያምራል። ድምፅ ማጉያው አምፕ ጥግ ላይ ሞቶ ተቀምጧል።

«ወንድሜ፣ ጥሩ ቤዝ ያለ አምፕ ነው የሚታወቀው። አገጭህን እንጨቱ ላይ አሳርፍና ስማ» አለኝ።

አሳረፍኩ። ንዝረቱ እስከ ጥርሴ ድረስ መጣ። ከዚያ ወዲህ የወንድሜን ልጅ መጫወቻ ጊታር ላይ አገጬን አስደግፌ ሞክሬዋለሁ፣ እሱም ደስ ይላል።

«ክሩ ግን ዝጓል» አልኩት።

«ጄምስ ጃመርሰን ክር ይቀይር ነበር? ደግሞ አንተ የሙላቱ አስታጥቄ አገር ልጅ ሆነህ ይሄን እኔ ልንገርህ?»

እንዲህ ነው እውነቱን ከውሸቱ ጋር እያፈራረቀ ያጎረሰኝ። ሙላቱ ጅማ መወለዱ እውነት ነው፤ የኔን ጆሮ ግን አይመለከተውም። የአሜሪካው ሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ቤዚስት ጃመርሰን ክሩ ካልተበጠሰ እንደማይቀይር የታወቀ ነው፤ የሱ ክር ግን ላዩ ለስላሳ የሆነው ፍላትዋውንድ ነበር፣ ሲያረጅ ድምፁ ደፈን፣ ወፈር እያለ ይሄዳል። እኔ የያዝኩት ሸካራው ራውንድዋውንድ ነው፣ የጅማ እርጥበት የበላው። ጣቴን ባንሸራትት ጥቁር ቀለም እንደ ከሰል ወጣብኝ። ያንን ዝገት «ቶን» ብዬ ገዛሁት።

በዚህ ላይ «የ58 ሞዴል ነው፣ ፌንደር ራሱ በድጋሚ ያወጣው» አለኝ። ይህን ብቻ ብመረምር በቃኝ ነበር። የፌንደር የመጀመሪያው ቤዝ ጊታር፣ ፕሪሲዥን ቤዝ፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፣ ጃዝ ቤዝ ደግሞ በ1960። የ58 (የ1958 እ.ኤ.አ.) ጃዝ ቤዝ የሚባል ነገር ዓለም ላይ የለም፤ ያልነበረ ነገር ደግሞ በድጋሚ አይወጣም። አውቀዋለሁ እኮ! ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ግን «ነገ ጠዋት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ገዢ አለኝ» ሲለኝ ያነበብኩት ሁሉ ጠፋ። የጥር ሰርግ ደርሷል፣ መብራት የለም፣ ሰው ሊቀድመኝ ነው። ብሩን እዚያው በስልክ አስተላለፍኩ። ለማሟላት የቻይናውን ቤዜን ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ14 ሺህ ሸጬ ነበር።

በነጋታው ሱቅ ውስጥ አምፕ ላይ ሰካሁት፤ እምምም የሚል ድምፅ። ደወልኩ። «ጃዝ ቤዝ ሲንግል ኮይል ስለሆነ ነው፣ ኦሪጅናል ለመሆኑ ማስረጃው ይሄው ነው» አለኝ። ግማሹ እዚህም እውነት ነው፤ ባለ አንድ ጥቅል ሽቦው ሲንግል ኮይል ፒክአፕ የመብራቱን 50 ሄርዝ ይስባል። ግን የዘመኑ ጃዝ ቤዝ ላይ ሁለቱንም የድምፅ ማዞሪያ እኩል ስትከፍቱ የሁለቱ ፒክአፖች እምምታ እርስ በርስ ይሰራረዝና ይጠፋል። የኔ አልጠፋም። ክሩንም ስነካው አልቀነሰም፤ ከፍቼ ሳየው ክሩ አካሉ ላይ ወደሚታሰርበት ብሪጅ መሄድ የነበረበት የመሬት ሽቦ መሀል ላይ ተቆርጦ ቆሟል። ይህን በአምስት ደቂቃ በየድኩት፣ ሥራዬ ነውና። የሚገርማችሁ፣ 50 ሄርዝ ማለት ከኢ ክር ሦስተኛ ፍሬት (ፍሬት አንገቱ ላይ የሚደረደረው ብረት ነው)፣ ከጂ ኖታ ትንሽ ከፍ የሚል ነው፤ ጂን ስመታ ከመብራት ኃይል ጋር በሁለት ድምፅ የምዘምር ይመስል ነበር።

ዋናው ጉድ የመጣው ሰርጉ ላይ ነው። ትዝታ ላይ ወደ ላይኛው ፍሬት ወጣ ብዬ አንድ ሐረግ ልመልስ ስል ዘፋኟ ማይኩን ይዛ ዞር ብላ አየችኝ። ክፉ አስተያየት ነው፣ ቤዚስት የሆነ ያውቀዋል። እንደገና ቃኘሁ፤ ባዶ ክሩ ልክ ነው። እንደገና ወጣሁ፣ እንደገና አየችኝ። የቀረውን ሰርግ ከአምስተኛው ፍሬት ሳላልፍ ጨረስኩት።

ማክሰኞ ዕለት ድሮ ኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ ይመቱ የነበሩ አንድ ጋሼ ሱቄ መጡ። ቤዙን እንኳ አልመቱትም።

«ልጄ፣ ሜትር አለህ?»

ከጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ተበደርኩ። ክሩ ከአንገቱ ጫፍ ከሚነሳባት አጥንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ለኩ፤ 43.2 ሳንቲ ሜትር። «ይሄ ልክ ነው» አሉ። ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት እስከ ብሪጁ ለኩ፤ 42። ዝም ብለው አዩኝ። የጃዝ ቤዝ ጠቅላላ የክር ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 86.4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት እኩሌታው ላይ ይቀመጣል። ክሩ የሚያርፍባቸው የብሪጁ ማስተካከያዎች ከግማሹ ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳሉ እንጂ በፍጹም ወደ ፊት አይቀርቡም። የኔ ግን ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ቀርቧል፣ ብሎኑም መጨረሻው ላይ ደርሶ ወደ ኋላ አይመለስም። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ የግማሽ ድምፅ ሩብ ያህል ይሾላል ማለት ነው። ዘፋኟ ጆሮዋ ደህና ነው።

ብሪጁን ፈታነው። ከሥሩ በሰጋቱራና በኮላ የተደፈኑ አራት የድሮ ቀዳዳዎች። አካሉ የሌላ ቤዝ ነው፣ አንገቱ የሌላ። አናቱ ላይ ያለውን የፌንደር ጽሑፍ ወደ መስኮት አዘንብለን ስናየው ከሥሩ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ያልጠፋ የሌላ ስም ጥላ አለ። የመለያ ቁጥሩስ? ቁጥር ማንም ይጽፋል፣ ቁጥር ስላለ ብቻ አትመኑ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ለልምምድ ይሆነኛል ብዬ ነበር። ጋሼ ግን አንገቱን እንደ ጠመንጃ ዓይናቸው ላይ አድርገው አነጣጠሩና «ቀስት ሆኗል» አሉ። አንገት ውስጥ የክሩን ጉተታ የሚመክት ትረስ ሮድ የሚባል ብረት አለ። አራት የቤዝ ክር ተቃኝቶ ሲወጠር ከ70 ኪሎ በላይ ይጎትታል፤ ለኤክስፖርት የሚጫነው የቡና ጆንያ 60 ኪሎ መሆኑን አስቡት። የኔን ትረስ ሮድ በቁልፍ ሳዞረው ዝም ብሎ ይዞራል፣ ምንም አይነክስም። ጥርሱ አልቋል። ለዚህ እዚህ መድኃኒት የለውም፣ አንገቱን መቀየር ነው።

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ ዝገት አያስደንግጣችሁ፣ እምምታም፣ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ማዞሪያም። እነሱ በክርና በብየዳ የሚያልቁ ናቸው፤ እንዲያውም ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማሉ። የሚያሳስባችሁ አንገቱና ልኩ ይሁን። ቃኙት፣ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ ብቻ አድርጋችሁ ሃርሞኒክ የሚባለውን ድምፅ አውጡ፣ ከዚያ እዚያው ተጭናችሁ ምቱ፤ ሁለቱን የስልክ መቃኛ ያሳያችሁ። ልዩነት ካለ ብሪጁን አስተካክሉና ድገሙት፣ ማስተካከያው ከጨረሰ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ትረስ ሮዱን ሻጩ ራሱ ሩብ ዙር ያዙርላችሁ፣ እምቢ ካለ ምክንያት አለው። መብራት ከሌለ ደግሞ ቡናውን ጠጥታችሁ ነገ ተመለሱ። የአዲስ አበባው ገዢ አይመጣም።

ስለ ቶኑ ያው ክርክሩ ይቀጥላል። እኔ አሁን የማምነው መጀመሪያ ጣት፣ ከዚያ ክር፣ ከዚያ ፒክአፕ ነው፤ እንጨቱ ከጄኔሬተር ድምፅና ከእልልታው ሥር ሰርግ ላይ ማን ይሰማዋል። ባለፈው እሁድ የቻይናውን ቤዜን ከተማሪው ተውሼ ሄድኩ፤ አዲስ ፍላትዋውንድ ክር ገጥሞበታል፣ ከኔ በላይ ተንከባክቦታል። ትዝታ ላይ እስከ አሥራ አራተኛው ፍሬት ወጣሁ። ዘፋኟ አልዞረችም። ተማሪው ግን አልሸጥም ብሎኛል፣ በ20 ሺህም ጠይቄው ነበር።

ሻጩ ቤዙን ተቀብሎ ብሬን እንዲመልስ ሽማግሌ ልኬ ነበር፣ «የሸጥኩት ያየኸውን ነው» አለ። አሁን የለጠፈው ቀይ ነው፣ «የ58» የሚለውንም ደግሞታል። ጅማ ውስጥ ያገለገለ ቤዝ ልታዩ የምትሄዱ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ፣ ከሥራ በኋላ አብሬ እሄዳለሁ። ሜትሩን ከልብስ ሰፊው ገዝቼዋለሁ።