የዴቪድ ሮበርትስ የጃፋ ሥዕል፦ የአንድ የኅትመት ቅጂ ግምገማ

ስኮትላንዳዊው የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ዴቪድ ሮበርትስ በ1838 እ.ኤ.አ. ግብፅ ገብቶ፣ በማግሥቱ ዓመት በሲና በረሃ አድርጎ ቅድስት ምድር በደረሰ ጊዜ ከነደፋቸው ቦታዎች አንዷ ጥንታዊቷ የወደብ ከተማ ጃፋ ናት። በመጽሐፍ ቅዱስ ኢዮጴ የምትባለው፣ ዮናስ ወደ ተርሴስ ለመኮብለል መርከብ የተሳፈረባት ከተማ ይህችው ናት። እዚህ የምገመግመው በኤ2 መጠን በወፍራም ወረቀት ታትሞ የሚሸጠውን የሥዕሉን ባለ ቀለም ቅጂ ነው።

በቅድሚያ ሻጩ በመግለጫው «የሠዓሊው የጉዞ ንድፍ» ማለቱ መታረም አለበት። ሮበርትስ በጉዞው ላይ የሠራው በእርሳስና በውሃ ቀለም ሲሆን፣ በዚህ ቅጂ የምናየው ግን የቤልጅየም ተወላጁ ሉዊስ ሄግ ከንድፎቹ ተነሥቶ ለንደን ውስጥ በድንጋይ ላይ እንደገና የሣለው፣ ከ1842 እስከ 1849 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ከወጡት ኅትመቶች አንዱ የሆነው ሊቶግራፍ፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተሥሎ ከዚያ በወረቀት ላይ የሚታተም ሥዕል ነው። ልዩነቱ ለገዢ ቀላል አይደለም፤ የሚጣደፍ የመንገደኛ እጅ፣ ያልተጨረሰ መስመርና የቀለም ጠብታ ለማየት የሚመኝ ሰው እዚህ የሚያገኘው ተረጋግቶ የተጠናቀቀ የስቱዲዮ ሥራ ነው። ይህን የምለው የሄግን ሥራ ለማሳነስ አይደለም። ከልደቱ ጀምሮ ቀኝ እጁ ጉዳት ስለነበረበት በግራው የሚሠራው ይህ ሰው በቅባታማ እርሳስ ከድንጋይ ላይ ያወጣው ለስላሳ ጥላ ዛሬም በጥሩ ቅጂ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ሥዕሉ ራሱ የሚያረካው በቤቶቹ አደራደር ነው። ከተማዋ ከባሕሩ ተነሥታ ኮረብታውን እየወጣች ስትሄድ፣ የአንዱ ቤት ጣሪያ ለሌላው መሠረት የሆነ እስኪመስል ድረስ ግድግዳው ይደራረባል፤ ብርሃኑም ዓይንን ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይመራዋል። ሮበርትስ ቀድሞ የቲያትር መድረክ ሠዓሊ እንደነበረ ለሚያውቅ ተመልካች ይህ አያስደንቅም፤ ከፊት ለፊት የሚያቆማቸው ባለ ልብስ ሰዎችም ቢሆኑ መድረክ ላይ እንደወጡ ተዋንያን ናቸው። ሰዎቹን አሳንሶ ሕንፃውን የማግዘፍ ልማድም ስላለው፣ ሥዕሉን እንደ ቀያሽ ካርታ መለካት ተገቢ አይመስለኝም። የሆኖ ሆኖ በምስክርነቱ ዋጋ አለው፤ ዛሬ ከባሕሩ በኩል ቀድሞ የሚታየው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የደወል ማማ ያኔ ገና አልተሠራም ነበር፣ የእንግሊዝ ጦርም በ1936 እ.ኤ.አ. ከአሮጌው ከተማ ብዙ ቤቶችን በፈንጂ አፍርሷል።

የቅጂው ጥራት ግን ከሥዕሉ አይመጥንም። በዘመኑ ሊቶግራፉ በደብዛዛ መደብ ቀለም ታትሞ፣ በውድ ዋጋ ለሚሸጡት ቅጂዎች ብቻ ቀለሙ በእጅ ይቀባ ነበርና የዋናው ኅትመት ሰማይ ስስና ገርጣ ያለ ነው። እዚህ አታሚው ቢጫውንና ሰማያዊውን ከልክ በላይ ስላጎላው፣ የድንጋዩ ለስላሳ ጥላ በቀለሙ ሥር ተቀብሯል፤ ይበልጥ የተጎዳው ደግሞ ግድግዳና ግድግዳ የሚለያይበት ቀጭን መስመር ነው። ከዚህም በላይ ከሥዕሉ ግርጌ ያለው ጽሑፍ ያለበት ጠርዝ ተቆርጧል። ወረቀቱ ግን ጥሩ ነው፤ ወፍራም፣ የማያንጸባርቅና በጥቅል ተልኮም ሳይታጠፍ የደረሰ ነው።

ቀለም የደመቀበት የግድግዳ ጌጥ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ቅጂው መጥፎ አይባልም። ሥዕሉን ለማጥናት ለሚፈልግ ግን የተሻለ መንገድ አለ፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሮበርትስን ሊቶግራፎች በዲጂታል አንሥቶ በነፃ ስለሚያቀርብ፣ የቅጂ መብታቸውም ጊዜው ስላለፈ፣ ፋይሉን አውርዶ ቀለሙን ሳይነኩ፣ ጠርዙንም ሳይቆርጡ ጥሩ ማተሚያ ቤት ማሳተም ይቻላል። ያኔ ከኤ2 ያነሰ መጠን መምረጥ አይገባም፤ ትናንሾቹ የቤት መስኮቶች በአነስተኛ ወረቀት ላይ ወደ ጥቁር ነጥብ ይለወጣሉ።