ቬኒስ ለሁለት፦ ጎንዶላውን ተዉት፣ በኅዳር ሂዱ

ለጋብቻ በዓላችን ከባለቤቴ ጋር ቬኒስ ደርሰን ከመጣን በኋላ በውስጥ መስመር "እንዴት ነበር፣ ብሩስ ያዋጣል ወይ" የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ ሁሉንም አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። አዎ ያዋጣል። ግን ብራችሁን ለሁለት ነገር ብቻ አውጡት፣ እዛው ከተማው ውስጥ ለማደርና ለመብላት። ለፍቅረኛሞች ተብሎ ለሚሸጠው ለሌላው ነገር በሙሉ ኪሳችሁን ቆልፉ።

ከማደሪያ ልጀምር ምክንያቱም ብዙ ሰው ሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሆቴል ስትፈልጉ ረከስ ብሎ ሚመጣላችሁ ሜስትሬ ነው፣ በባቡር 10 ደቂቃ ምናምን ነው፣ ግን ሜስትሬ ከየብሱ በኩል ያለ ተራ ከተማ ነው፣ መኪና አለ አስፋልት አለ ፎቅ አለ፣ ለስራ የሄደ ሰው ይደርበት። ለፍቅር ከሆነ የሄዳችሁት ደሴቱ ላይ እደሩ፣ ምክንያቱም የቀን ጎብኚው ወደማታ ላይ በባቡርም በጀልባም ጠቅልሎ ይወጣና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቀን ላይ በክርን እየተጋፋችሁ ያለፋችሁበት መተላለፊያ ጭር ይላል፣ መኪና የለ፣ ሞተር የለ፣ ሳይክል መንዳት እንኳን ክልክል ነው፣ የራሳችሁን ኮቴና ውሃው ግድግዳውን ጠፍ ጠፍ ሲያደርግ ብቻ ነው ምትሰሙት። እኛ ያረፍነው ካናሬጆ ሚባለው ሰፈር ነው፣ ገና ሰው ሚኖርበት ሰፈር ነው፣ ልብስ ከመስኮት መስኮት ይሰጣል፣ ልጆች አደባባዩ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ክፍላችን ጠባብ ናት፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት አልጋውን ይገጨዋል፣ ግን መስኮቷ ቦዩ ላይ ነው ምትከፈተው፣ ጠዋት ጠዋት አትክልት የጫነች ጀልባ ስታልፍ በሞተሯ ድምጽ ነው ምንነሳው። ለዛች መስኮት የከፈልነው ብር አይቆጨኝም።

ታዲያ ሻንጣ አታብዙ። ከተማው ከ100 በላይ ትናንሽ ደሴቶች ላይ ነው የተሰራው፣ ድልድዩ ከ400 ይበልጣል፣ ድልድይ ማለት ደግሞ ደረጃ ማለት ነው። ባለቤቴ ሁለቱን ሻንጣ አንጠልጥሎ ሶስተኛው ድልድይ አናት ላይ ቆመና "አንቺ፣ ሽማግሌ ስልክ ይሄን ማንም አልነገረኝም" አለኝ። ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ከጀልባው ፌርማታ እስከ ሆቴሉ ስንት ድልድይ እንዳለ ካርታ ላይ ቁጠሩ፣ ከኮከቡ ብዛት ይልቅ እሱ ነው ሚጠቅማችሁ። ሌላው፣ ያደረ ሰው በየአዳሩ ትንሽ የቱሪስት ግብር ይከፍላል፣ ግን ከ2024 ጀምሮ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ በተመረጡ ቀናት የቀን ጎብኚ ላይ የጣሉት የመግቢያ ክፍያ አይመለከተውም። እሱ ቀድሞ ለከፈለ 5 ዩሮ፣ ለዘገየ 10 ዩሮ ነው። ብቻ በነዛ ቀናት ከሆነ ምትሄዱት እዛ እንደምታድሩ ቀድማችሁ ኦንላይን መመዝገብ አለባችሁ።

ትራንስፖርት ቫፖሬቶ ነው፣ የውሃ ላይ አውቶቡስ በሉት። አንድ ቲኬት 9.50 ዩሮ ለ75 ደቂቃ ነው፣ ይሄ ለአንድ ፌርማታ ዘረፋ ነው፣ ስለዚህ ወይ በእግር ሂዱ ወይ ደግሞ የ24 ሰዓቱን በ25 ዩሮ፣ የ48ቱን በ35 ዩሮ ያዙ። ከዛ ማታ ላይ መስመር 1ን ይዛችሁ ከባቡር ጣቢያው እስከ ሳን ማርኮ ድረስ ትልቁን ቦይ ቁጭ ብላችሁ ተጓዙት፣ ከፊት ወይ ከኋላ ውጪ ያለው ወንበር ከተገኘ አትልቀቁት። የቤተመንግስቶቹ መብራት በርቶ መስኮቱ ክፍት ሆኖ ጣሪያው ላይ ያለው ስዕል ሁሉ ይታያል፣ የማያቁት ሰው ሳሎን ውስጥ እንደመግባት ነው። እኔ ከጉዞው ሁሉ ፍቅር ፍቅር ያለኝ እዛ ጀልባ ላይ በብርድ ተቃቅፈን የተቀመጥንበት ሰዓት ነው፣ እሱ ደግሞ በቲኬቱ ውስጥ ያለ ነው።

ጎንዶላ? አልተሳፈርንም፣ አውቀን ነው። ታሪፉ የከተማው ነው፣ ቀን 30 ደቂቃ 90 ዩሮ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ 110 ዩሮ፣ የጀልባው ዋጋ እንጂ የሰው አይደለም፣ 5 ሰው ድረስ ይጭናል። ነገሯ ራሷ ደስ ትላለች፣ 11 ሜትር ገደማ ትረዝማለች፣ ግራ ጎኗ ከቀኙ በ24 ሳንቲሜትር ይሰፋል፣ ምክንያቱም ቀዛፊው በአንድ መቅዘፊያ በቀኝ በኩል ብቻ ነው ሚቀዝፈው፣ ሁለቱ ጎን እኩል ቢሆን እዛው ስትዞር ትውል ነበር። ግን ድልድይ ላይ ቆማችሁ እዩት፣ ጠባቧ ቦይ ውስጥ ስድስት ሰባት ጎንዶላ ተከታትሎ ተሰልፏል፣ ሁሉም ላይ ጥንዶች አሉ፣ ሁሉም ስልክ ዘርግተው የፊተኛውን ይቀርጻሉ። ያምራችሁ ከሆነ ትራጌቶ ሚባል አለ፣ ትልቁን ቦይ ከዳር ዳር ሚያሻግር፣ የጎንዶላ ዘመድ ነው፣ 2 ዩሮ። ጥቂት ደቂቃ ነው ግን ስትወዛወዙ ክንድ ለክንድ ለመያያዝ ይበቃል፣ ፎቶም ይወጣል።

አሁን ለምን ኅዳር እንዳልኩ። ብርድ አለ፣ ጉም አለ፣ ቶሎ ይመሻል፣ ውሃውም ከፍ ሊል ይችላል (ከ2020 ጀምሮ ባህሩ መግቢያ ላይ ሞዜ ሚባል ሚነሳ ግድብ ስላለ እንደድሮው አይደለም፣ በ2019 ውሃው 187 ሴንቲሜትር ደርሶ ከተማውን ጉድ አርጎት ነበር)። ግን ሰዉ ይቀንሳል፣ ሆቴልም ይረክሳል። ትልቁ ምክንያት ግን ኖቬምበር 21 ሚከበረው የሳሉቴ በዓል ነው። በ1630 ወረርሽኝ ገብቶ የከተማውን ህዝብ ሲሶ ገደማ ጨርሶት ነበር፣ መንግስቱ "ይሄ ነገር ካለፈ ለእመቤታችን ቤተክርስቲያን እናንጻለን" ብሎ ተሳለ፣ እና ትልቁ ቦይ አፍ ላይ ያለችው ነጭ ጉልላታም ሳንታ ማሪያ ዴላ ሳሉቴ ያቺ ስለት ናት። በዓሉ ሲደርስ ቦዩ ላይ ጊዜያዊ ድልድይ ይዘረጋሉ፣ የከተማው ሰው ሽማግሌው ህጻኑ ሁሉ ሻማ ይዞ ይሻገራል። ኖቬምበር 21 አብዛኛውን ዓመት የኛ ኅዳር 12 ነው! ሚካኤል፣ ኅዳር ሲታጠን። እኛም እኮ በዛው ቀን በ1911 ዓ.ም. ያን ሁሉ ህዝብ የጨረሰውን የኅዳር በሽታ እያሰብን ነው ሰፈሩን ሁሉ ምናጨሰው። ባለቤቴ ሲገባው ድልድዩ መሃል ቆሞ ለእናቱ ደወለ፣ እሳቸውም እዛ ማዶ ጭሱ እያሳላቸው "ታዲያ ለኔም ሻማ አብሩልኝ እንጂ" አሉ፣ ተጨማሪ አንድ ገዛን።

በዛን ቀን ሚበላው ካስትራዲና ይባላል፣ ጨው ገብቶበት በጭስ የደረቀ የበግ ስጋ ከጥቅል ጎመን ጋር ለረጅም ሰዓት ሚቀቀል ሾርባ ነው፣ ድሮ ስጋው ከባህር ማዶ ከዳልማቲያ ነበር ሚመጣው። በዓሉ ሰሞን ካልሆነ ሬስቶራንት ውስጥ ማግኘት ከባድ ነው። ሽታው ያስፈራል፣ ጨው ጨው ይላል፣ መረቁ ግን ብርድ ላይ ውላችሁ ስትጠጡት ጉሮሮን እያሞቀ ነው ሚወርደው። ጾመ ነቢያት ሊገባ 3 ቀን ሲቀረው መሆኑ ደግሞ እንዴት እንደተመቸን።

ወደ ዋናው ወደ ምግብ ልምጣ። ቬኒስ ውስጥ ሚበላው ቆሞ ነው። ባካሮ ሚባሉ ትንንሽ መጠጥ ቤቶች አሉ፣ መስታወት ውስጥ ቺኬቲ ይደረደራል፣ ቁራሽ ዳቦ ወይ የነጭ በቆሎ ፖሌንታ ላይ (ፖሌንታ ያው ሲደርቅ ተቆርጦ የተጠበሰ ገንፎ በሉት) ዓሣው፣ አይቡ፣ ስጋው ተደርጎበት፣ አንዱ ከ2 እስከ 3 ዩሮ ገደማ። በጣታችሁ ትጠቁማላችሁ፣ ትንሽዬ ብርጭቆ ወይን ትይዛላችሁ፣ ውጪ ቦዩ ጠርዝ ላይ ቆማችሁ ትበላላችሁ፣ ከዛ ወደሚቀጥለው ቤት። ሶስት አራት ቤት ስትዞሩ እራት አለቀ። ካናሬጆ ውስጥ ፎንዳሜንታ ዴላ ሚዜሪኮርዲያ ሚባለው የቦይ ዳር መንገድ ቤቱ ሁሉ ተያይዞ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። ስፕሪትዝ (ወይንና መራራ መጠጥ በሶዳ) ካዘዛችሁ በሴሌክት አሰሩት፣ የቬኒሱ መራራ መጠጥ እሱ ነው፣ በ1920 እዛው ነው የተፈጠረው፣ ከብርቱካናማው ከአፔሮል መረር ይላል።

ሁለት ነገር ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ። አንዱ ሳርዴ ኢን ሳኦር፣ የተጠበሰ ሰርዲን ላይ ቀስ ብሎ የበሰለ ሽንኩርት፣ ኮምጣጤ፣ ዘቢብ። መርከበኞች ዓሣ እንዳይበላሽባቸው የፈጠሩት ነው፣ አንድ ቀን አድሮ ነው ሚጣፍጠው፣ ሽንኩርቱ ሙልጭ ብሎ በስሎ ጣፋጭና ኮምጣጣው ሲገናኝ እኔ ሶስቴ ነው የደገምኩት። ሁለተኛው ባካላ ማንቴካቶ፣ የደረቀ ዓሣ ተቀቅሎ በዘይት እየተመታ ክሬም እስኪሆን። ዓሣው የኖርዌይ ነው፣ በ1432 ኩዌሪኒ ሚባል የቬኒስ ነጋዴ መርከቡ ተሰብሮበት ሎፎተን ደሴቶች ላይ ወድቆ፣ እዛ ያሉ ዓሣ አጥማጆች አትርፈውት፣ ሲመለስ ወሬውን ይዞት የመጣው። ባለቤቴ ዓሣ ሚባል አይወድም፣ ይሄን ግን አይብ መስሎት ሁለት በልቶ ነው የነገርኩት።

ሪዞቶ በሴፒያ ቀለም ደግሞ ለራት ቀጠሮ እንዳታዙ፣ ወይም እዘዙ፣ እንደ ትዳራችሁ ነው። ሴፒያ ሚባለው የባህር እንስሳ ሲፈራ ሚረጨው ጥቁር ቀለም ነው ሩዙ ሚበስልበት፣ ሳህኑ ላይ ሬንጅ የፈሰሰ ነው ሚመስለው፣ ጣዕሙ ግን ለስላሳ የባህር ጨው ጨው ሚል ነገር ነው። ችግሩ ጥርስ። ሻማ በርቶ፣ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ፊት ለፊቴ ያለው ሰውዬ ፈገግ ሲል አንድም ጥርስ የለውም፣ እኔም ለካ የለኝም፣ አስተናጋጁ ናፕኪን ጨመረልን።

ሳን ማርኮ አካባቢ ቁጭ ብላችሁ ባትበሉ ይሻላል፣ ከበላችሁም ዓሣ ስታዙ ዋጋው በ100 ግራም መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ከጎናችን የነበሩ ጥንዶች ሜኑ ላይ 8 ዩሮ የተጻፈበትን ሙሉ ዓሣ አዘው 1.2 ኪሎ ሆኖ 96 ዩሮ መጣባቸው፣ ህጋዊ ነው፣ ከቁጥሩ ጎን ያለችውን ትንሽዬ ጽሁፍ ማን ያያል። ኮፔርቶ ሚባል የመቀመጫ ሂሳብ በሰው ይጨመራል፣ እሱ ያለ ነገር ነው አትጨቃጨቁ። አደባባዩ ላይ ያሉት ካፌዎች ደግሞ ሙዚቃ ሲጫወት የሙዚቃ ሂሳብም አለ። የሪያልቶ ዓሣ ገበያ እሁድና ሰኞ ዝግ ስለሆነ ሰኞ ዓሣ አልመክርም።

ዋና ዋና ቦታውን ማንም ይነግራችኋል፣ አልደክምበትም። የሳን ማርኮ ቤተክርስቲያን ጣሪያው በሙሉ የወርቅ ሞዛይክ ነው፣ ቀና ብላችሁ አንገታችሁ እስኪደነዝዝ እዩ። ጥንዶች ሚሳሳሙበት የፖንቴ ዴይ ሶስፒሪ ድልድይ ድሮ እስረኛ ወደ እስር ቤት ሚሻገርበት ነበር፣ እኔ እዛ ስር መሳሳም አልፈለኩም፣ መነኩሴ አይደለሁም ግን ነገር ነገር ይላል። ሀበሻ ከሆናችሁ ግን የዶጁን (የድሮው የቬኒስ ገዢ) ቤተመንግስት ቲኬት ስትገዙ በዛው ቲኬት የኮረር ሙዚየምና የማርቻና ቤተመጻሕፍት አሮጌ አዳራሾችም ይታያሉ፣ እዛ ፍራ ማውሮ ሚባል መነኩሴ በ1450 ገደማ የሰራው 2 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ የዓለም ካርታ አለ። ደቡቡ ወደ ላይ ነው፣ ስለዚህ አገራችን ከላይ ናት፣ ዓባይና ተራራው ከተማው ሁሉ በዝርዝር፣ መነኩሴው ራሱ የዛው አገር ሰዎች በእጃቸው ስለው አሳይተውኝ ነው ብሎ ጽፎበታል። ከሱ በፊት በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብር ይዘው ቬኒስ ገብተዋል። ሌላው ቱሪስት 2 ደቂቃ አይቶ ያልፋል፣ እኛ ጠባቂው እስኪያየን ቆመናል።

ቡራኖና ሙራኖ ደሴቶች፣ ጊዜ ካለ። ከፎንዳሜንቴ ኖቬ ፌርማታ ቫፖሬቶ መስመር 12 ነው። ሙራኖ መስታወት ነው፣ ከ1291 ጀምሮ እሳት እንዳይነሳ ብለው ምድጃውን ሁሉ ወደዛ ያወጡት፣ እኔን ብዙም አልያዘኝም። ቡራኖ ቤቶቹ በየቀለሙ ናቸው፣ ፎቶ ለሚወድ ጥሩ ነው፣ ዳንቴሉን ግን ርካሽ ከሆነ እዛ በእጅ የተሰራ እንዳይመስላችሁ።

አንዷ ደግሞ "እማዬን ይዣት ልሂድ ወይ" ብላኛለች። ጉልበታቸውን ሚያማቸው ከሆነ ከባድ ነው፣ ካልቀረ ግን መስመር 1 ላይ አስቀምጪያቸው፣ ሳሉቴ ፌርማታው ቤተክርስቲያኗ ደጅ ላይ ነው ያለ ድልድይ ይደርሳሉ፣ ከዛ በኋላ ያለውን የቤተክርስቲያኗን ደረጃ ግን እመቤታችን ትርዳቸው።