ጅቡቲ በሁለት ቀን፦ አሳል ሐይቅ ወይስ ከተማው?

ከድሬ በባቡር ጅቡቲ ለምትሄዱና ሁለት ቀን ብቻ ላላችሁ፣ እኔ አሳል ሐይቅን አስቀድማለሁ። ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ገደማ ነው፤ በአፍሪካ ከዚያ ዝቅ ያለ መሬት የለም። ዳርቻው ነጭ ጨው፣ ዙሪያው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ውሃው ከባሕር በብዙ እጥፍ ጨዋማ ስለሆነ ሰው ይንሳፈፋል እንጂ አይሰምጥም። ቁስል ካላችሁ ግን አትግቡ፣ ያቃጥላል! ከከተማው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ መኪና በጋራ ተከራዩና ገና ሳይነጋ ውጡ። «አቦ፣ እኛ የድሬ ልጆች ሙቀት ለምደናል» አትበሉ። የዚያ ሙቀት ሌላ ነው፤ ውሃ በደንብ ያዙ።

ከተማውስ? ያምራል። ቅስት ያላቸው የድሮ ቤቶች፣ የሐሙዲ መስጊድ፣ ዛሬ በነጻነት ቀኑ የሚጠራው የድሮው ምኒልክ አደባባይ አሉ። ግን ለድሬው ሰፈር ለከዚራ ልጅ ብዙም እንግዳ አይሆንም፤ ሁለቱንም ከተሞች ያሳደጋቸው ያው የፈረንሳዮች ባቡር ነው። ፀሐይዋ በረድ ስትል በእግር ብትዞሩት አንድ ምሽት ይበቃል።

ከአዛውንት ወይም ከሕፃን ጋር ከሆናችሁ ግን ሐይቁን ተዉትና ከተማው ውስጥ ቆዩ። መንገዱ እናቴን በጣም አድክሟት ነበር።