ከመገናኛዋ ቆሎ ቤት የገዛሁት ዘቢብና ለውዝ

እናቴን ጉልበቷን ያማታል። አንድ ዘመዳችን «የቦሮን ክኒን ላኩላት» አለን። ሐኪሟን ሳማክራት ግን «መጀመሪያ የምትበላውን እንይ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቦሮን ሰውነታችን በጥቂቱ የሚያገኘው ማዕድን ነው፤ በዘቢብ፣ በለውዝ፣ በአቮካዶና በባቄላ ውስጥ አለ።

እናም መገናኛ አካባቢ ወዳለች አንዲት ጠባብ ቆሎ ቤት ሄድኩ። ግማሽ ኪሎ ዘቢብና ሩብ ኪሎ ለውዝ ገዛሁ። ለውዙ ግሩም ነው! እዚያው ዓይኔ እያየ ቆሉልኝ። አላረረም፣ ጨውም አልበዛበትም። የቆሎ ቤቷ ባለቤት ትልቅ ሰው ናቸው። «ለእናቴ ነው» ስላቸው አንድ እፍኝ ምራቂ ጨመሩልኝ፤ «እግዜር ይማርልህ» ብለው መረቁኝ።

ዘቢቡ ጣፋጭ ነው፤ ግን ስነክረው ከሥር አሸዋ ዘቀጠ። ሁለቴ አጠብኩት። ለዚህ ዋጋ ቢለቀም ጥሩ ነበር።

40 ግራም ገደማ ዘቢብ ወደ 1 ሚሊግራም የሚጠጋ ቦሮን ይሰጣል። እፍኝ ለውዝ የዚያን ግማሽ፣ ግማሽ ኩባያ አቮካዶ ደግሞ ከ1 ሚሊግራም ትንሽ ከፍ ይላል። ቡናም ውስጥ አለ፤ ጥቂት ቢሆንም ደጋግመን ስለምንጠጣው ይጠራቀማል። ቦሮን በቀን ይህን ያህል ውሰዱ የሚባል መጠን የለውም። አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂ የተቀመጠው የቀን ጣሪያ ግን 20 ሚሊግራም ነው፤ በምግብ ብቻ እዚያ መድረስ ይከብዳል።

ጉልበቷን ያድነዋል አልልም፤ የሐኪሟን መድኃኒት አላቋረጠችም። እናቴ ግን ለውዙን ወዳዋለች። ከቡና ቁርሱ ጋር አቀረብኩላት፣ ጎረቤቶቿ ጨረሱት። ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ ዘቢቡን በእጄ ለቅሜ ነው የምገዛው።